ዳክዬው ሩሲያ ገባ፣ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው

ሐበሻ ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ ሦስተኛው ቅር የተሰኘ ይሆናል። አራተኛ ሰው ከመጣ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋማል። ለለቅሶም ለሠርግም፣ ለዕቁብም ለማኅበርም ሲያገለግለን የኖረው ይኼው ጸባያችን ካርቱም ሪያድ ሰፈር ሳለን ለዳክዬ አደን ዋለ። ውጤቱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ በዳክዬዎቹ በኩል የደረሰ ጉዳት የለም።

ሪያድን ለማታውቁት፣ ከካርቱም አየር ማረፊያ በስተምሥራቅ ያለ የባለጸጎች ሰፈር ነበር። ቪላ በቪላ፣ ግንብ በግንብ። እኛ ሐበሾቹም ቪላ ውስጥ ነበርን፤ በጓሮ በኩል። አብሳዩ፣ ዘበኛው፣ ሾፌሩ፣ ልጅ ያዧ፣ አንዷን ሰርቪስ ቤት ለስድስት የተከራየው፣ ሁሉም ሲመሽ የሚገናኘው ከማሽተል መንገድ ገባ ብሎ ካለ አንድ ኒም ዛፍ ሥር ነው፤ እኔ ጀበና የጣድኩበት። ሱዳኖች በንበር በሚሏት አጭር ዱካ ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ የተቀመጠ ሰው የማያወራው ነገር የለም። ጀርባዬን ሰጥቼ ቡና ስወቅጥ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ቡና የሚወቅጥ ሰው ደግሞ መውቀጡን የሚያቆመው ወሬው ሲጥም ብቻ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚነሳው በጥቅምት ነው። ከኦምዱርማን በድልድይ የተመለሰ አንድ ሰው፣ ነጭ አባይና ጥቁር አባይ የሚገናኙበት ሙግረን ላይ ውኃው በወፍ ጠቁሮ አየሁ ብሎ ይመጣል። እውነቱን ነው። በአውሮፓና በሩሲያ ብርዱ ሲጀምር ዳክዬው ሰሐራን አቋርጦ ሱዳን ይወርዳል፤ የብርዱን ወራት በአባይ ዳርና በግድቦቹ ላይ ተዝናንቶ የካቲት መጋቢት ላይ ወደ አገሩ ይመለሳል። «ያ ሁሉ ሥጋ ውኃ ላይ ተኝቶ!» ይላል ሰውዬው ቡናውን ፉት ብሎ፣ የእኛ ጥፋት በሆነ ድምፅ። ልብ በሉ፤ ከሩሲያ ድረስ ያለ ቪዛ የመጣ፣ ያለ ኢቃማ፣ ማለትም ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚቀመጥ፣ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መጣ ሲባል የማይደነግጥ ፍጡር ነው። እንግዲህ ኢቃማ የሌለን እኛ ይህን ልናሳድድ ተነሳን።

ኮሚቴው በዚያው ማታ ተመረጠ። ሊቀመንበሩ የአንድ ቪላ ዘበኛ የሆኑ ጋሼ ናቸው፤ ዘበኛ ስለሆኑ መሣሪያ ያውቃሉ ተብሎ። የሚጠብቁት በዱላ ነበር። ገንዘብ ያዡ ሾፌር ነው፤ መኪና የያዘ ሰው ገንዘብም አይጠፋበትም ተባለ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የጎጃም ልጅ ነበረን። አያቱ አንበሳ የገደሉ። በመጀመሪያው ዓመት አያትዬው የገደሉት ደቦል ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ጎፈር አወጣ፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አንበሳው ቤተሰብ መሥርቶ ሁሉም በአንድ ጥይት ወድቀዋል።

እሱ ባለበት አደን ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ጀበናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተነስቶ ይሸልላል። ችግሩ በአገራችን ወግ አንበሳ ገዳይ አለ፣ ዝሆን ገዳይ አለ፣ ጎሽ ገዳይ አለ፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ ለማይሞላ ወፍ ግን የተዘጋጀ ፉከራ የለም። ልጁ ለዚህ መፍትሔ አገኘ፦ ዳክዬውን በስም ሳይጠራ «ያን ክንፋም፣ ያን ሰሐራ ዘላይ» ይለዋል። ከግቢው የወጡ የሱዳን ሕፃናት አውሮፕላን ሊመታ ነው ብለው ሮጡ።

ከዚያ ጠመንጃው። ጠመንጃ የነበራቸው የአብዛኞቻችን አከራይ የሆኑት ሐጅ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ኸርጡሽ የሚሉት የአደን ጠመንጃ እንዳላቸው ራሳቸው ነግረውናል፤ ያየው ግን የለም። በጥቅምት ስንጠይቃቸው ኦምዱርማን ወንድማቸው ቤት ነው አሉ። በኅዳር ወንድምየው ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል፣ ቁልፉ ወድ መደኒ ካለችው እህታቸው ጋ ነው አሉ። በታኅሣሥ ቁልፉ ተገኝቶ ሣጥኑ ጠፋ። «ያ ሐጅ፣ ታዲያ መቼ ነው?» ስንላቸው «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ፣ ነገ ማለታቸው ነው፤ ሊቀመንበራችን «እግዜር ካለ» ብለው ያጸናሉ። ያቺ ጠመንጃ እንዲህ በአላህና በእግዜር መካከል ተንጠልጥላ ስትኖር አንድ ቀን «እንተዋታ» ያለ ሰው የለም። ለምን ይተዋታል? ጠመንጃዋ እስክትመጣ ድረስ ሁሉም አነጣጣሪ ነው።

የት እንሂድ የሚለውም ስብሰባ የራሱ ታሪክ አለው። የግል መሬት የለንም፤ ስለዚህ የሕዝብ መሬት ተባለ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሱኑት ጫካ ነበር። ከተማው ውስጥ ነው፣ ነጭ አባይ ዳር ነው፣ ዛፉ ጥላ ነው፣ በአምጃድ ታክሲ አሥራ አምስት ደቂቃ። ወፉም ሞልቷል፤ ለምን እንደሞላ ግን የጠየቀ አልነበረም። ለካስ ጫካው ከእ.ኤ.አ. 1939 ጀምሮ የወፍ መጠለያ ተብሎ የተከለለ ነው። እንግሊዞቹ የአባይን ዳክዬ ሲተኩሱ ኖረው ኖረው፣ አገሩን ከመልቀቃቸው በፊት «ከዚህ በኋላ የሚተኩስ ወዮለት» ብለውን ሄዱ። ሁለተኛው ሐሳብ ሰበሎቃ ነው፤ ከካርቱም ወደ ሰሜን፣ አባይ በድንጋይ መሐል እየተጋፋ የሚያልፍበት፣ ዓርብ ዓርብ ሰው በጀልባ ይንሸራሸርበት የነበረ። እሱም ከእ.ኤ.አ. 1946 ጀምሮ የዱር እንስሳት ክልል ነው ተባለ። ሦስተኛው ጀበል አውሊያ፤ ከከተማው ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀው ግድብ ያለበት። እዚያ ደግሞ ግድቡ ይጠበቅ ነበር፤ የጦር ሠፈርም ነበረበት። ካርቱም ውስጥ ድልድይና ግድብ ፎቶ ማንሳት ራሱ ጣጣ ነው፤ ጠመንጃ ይዞ መታየትን አስቡት።

በዚያች ማታ አንድ ነገር ገባኝ። የሕዝብ የተባለ መሬት ሁሉ፣ ሕዝቡ እንዳይደርስበት የሚጠበቅ ነው።

ፈቃድ እናውጣ ያለ አንድ የዋህ ነበረ። ሰነድ ነገር የሚወድ፣ አንዴ ለጠፋበት ጫማ ማመልከቻ የጻፈ ልጅ ነው። ሄዶ ጠየቀ። የሱዳን ሕግ፣ የ1986ቱ የፈረንጅ ዓመት አዋጅ፣ አደን በፈቃድ ነው ይላል፤ ጥሩ። ፈቃዱን የሚሰጠው የዱር እንስሳት አስተዳደር ነው፤ ይህም ጥሩ። አስተዳደሩ ግን የፖሊስ ክፍል ነው። እስኪ አስቡት፤ ፖሊስ ባየ ቁጥር አስፋልት የሚሻገር፣ የከሻ መኪና ድምፅ ከሦስት መንደር አልፎ የሚሰማው ሰው፣ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ደህና ዋላችሁ፣ ዳክዬ ልተኩስ ነበር» ሊል። ልጁ በር ላይ ደርሶ የዘበኛውን ኮፍያ አየና ተመለሰ። ለኮሚቴው ያቀረበው ሪፖርት «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወራቱ ይሄዳሉ። የዳክዬው ካላንደር ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው፤ መምጫና መሄጃ። የእኛን ተመልከቱ። ጥቅምት የዝግጅት ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ በጾም ሥጋ ፍለጋ አይወጣም። ገና ሲመጣ ዶሮው እያለ ዳክዬ ማን ያስባል። ጥር ጥምቀት ነው፣ ከዚያ ሠርግ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመጋባት የሚሯሯጠው ብዛት፣ ሊቀመንበሩ በአንድ ወር ስንት ሽምግልና ተቀመጡ! የካቲት ላይ አሁን ተነስ ሲባል አምሳ አምስቱ ቀን ይጀምራል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ መጥቶ በእነዚያ ዓመታት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወደቀባቸው። እንዲህ ሆኖ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ሲጾም በሰላም የሚበላው ዳክዬው ብቻ ነበር።

ከጎረቤቶቻችን የአንዷ የእህት ልጅ ቴክሳስ ይኖራል። አደን ይወዳል ተብሎ በኢሞ አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ ሁላችንም ከበን ሰማነው። እዚያ ወቅቱ በጥር መጨረሻ ይዘጋል፤ ያቺ የመጨረሻዋ ሰሞን ደግሞ ከባድ ናት አለ፤ ዳክዬዎቹ ከካናዳ ጀምሮ ሲተኮስባቸው ስለመጡ ብልጥ ሆነዋል። የሕዝብ መሬት ላይ ቦታ ለመያዝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ በጨለማ መግባት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሚሸጥ የዳክዬ ቴምብር አለ፣ ዋጋው 25 ዶላር፤ ገንዘቡ የወፎቹ ረግረግ ማቆያ ይሆናል። እርሳስ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ለዳክዬ ክልክል ነው፤ ውኃውን ይመርዛል። የፕላስቲክ ዳክዬ ውኃ ላይ ያንሳፍፋሉ፣ እውነተኛው ጓደኛ አገኘሁ ብሎ ሲወርድ ይመቱታል። አንድ ሰው በቀን ከ6 ዳክዬ በላይ አይፈቀድለትም።

«ስድስት ለአንድ ሰው?» አሉ ሊቀመንበሩ ዙሪያውን በዓይናቸው እየቆጠሩ። እኛ ሠላሳ ሰው ለአንድ ዳክዬ ነበር ያሰብነው።

ልጁ ከመሰናበቱ በፊት «ከሁሉም ዋናው ዝም ማለት ነው፤ ሰዓታት ሙሉ ትንፍሽ ሳትሉ መቀመጥ» ሲል ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ሁላችንም ዝም ብለን ተያየን። ያ ዝምታ በዚያ ዓመት የመጨረሻችን ነበር። ከምክሩ ሁሉ የተተገበረው የፕላስቲኩ ብቻ ሆነ፤ ገንዘብ ያዡ ሱቅ ሄዶ ሕፃን ሲታጠብ የሚጫወትባትን፣ ሲጫኗት የምትጮኸውን ቢጫ ዳክዬ ገዝቶ መጣ። በማግስቱ የሊቀመንበሩ ልጅ ጭንቅላቷን አኝኮ አገኘነው። የዚያ ሰሞን ብቸኛው ግዳይ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይህ ሁሉ ስብሰባ ሲሆን አንድ ሰው እንኳ ዳክዬ ይበላል ወይ ብሎ አልጠየቀም ነበር። ጥያቄውን ያነሳችው ልጅ ያዧ ናት፤ ከጣና ዳር ነው የመጣችው። «እኛ አገር ይብራው ከልጆች ጋር እየዋኘ ነው የሚያድግ፤ የሚነካው የለም፤ እግሩ እንደ ጃንጥላ የተያያዘ ወፍ አይበላም» አለች። ፀጥ አለ። እውነቷን ነው፤ ክርስቲያኑ አገር ዳክዬ ከጥንትም ምግብ አይደለም፤ የጣና ወፍ ሰው ሲያይ የማይደነግጠው ወዶ አይደለም። የጎጃሙ ልጅ ላቡ መጣ። ሦስት ዓመት ሲፎክርበት የኖረውን ነገር እናቱ ቤት ይዞ ቢገባ በዕጣን ነው የሚቀበሉት።

ሌላው ተነሳ። ይበላል እንበል፤ ማን ያርደዋል? ሙስሊሞቹ መልስ አላቸው፤ ሲተኩሱ ቢስሚላህ ካሉ በጥይቱ የሞተውም ይበላል፣ ሳይሞት ከደረሱበት ያርዱታል። ኦርቶዶክሶቹ ተያየን፤ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ፣ ሰማይ ላይ የሞተ ነገር በክት አይደለም? አንዱ፣ የሚተኩሰው ክርስቲያን ሆኖ ቃታ ሲስብ በስመ አብ ቢልስ አለ። ሌላው ጸሎቱ ሳያልቅ ዳክዬው ያልፋል አለ። ሦስተኛው በየፊናችን እንተኩስ፣ ሰማዩን እንካፈለው፣ ከኒሙ ወዲህ የክርስቲያን፣ ወዲያ የእስላም አለ። ሐጅ ይህን ሁሉ አስተርጉመው ሰሙና «ያ ጀማዓ፣ መጀመሪያ ይውደቅ» አሉ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ የተነገረ ብቸኛው ጠቃሚ ሐሳብ ነበር፤ ሳይመዘገብ ቀረ።

ስለ እኛ ሴቶችም ልናገር፤ በወንዶቹ ብቻ ስቄ ባልፍ ነገ ጀበናዬን ይሰብሩብኛል። ወንዶቹ አደን ሲሉ እኛ የሰማነው ሽርሽር ነው። ስለ ዳክዬው አንዳችን ግድ አልነበረንም። እኔ ገና በጥቅምት ጀበናውን ማን ይሸከማል፣ ከሰሉ፣ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ ቄጠማውስ ከየት ይመጣል ማለት ጀመርኩ። ቄጠማ! አባይ ዳር ሄጄ ቄጠማ ከቤት ልወስድ። ዳክዬ ላይ ደግሞ እምነት ስላልነበረን፣ ሰው ጦሙን እንዳይውል ብለን በግ ይገዛ አልን። ሥጋ ሊያመጣ የሚሄድ አዳኝ በግ ጭኖ ይሄዳል። አንድም ወንድ አልተቃወመም፤ እንዲያውም ከጠመንጃው ይልቅ ስለ በጉ የተደረገው ውይይት ጥልቅ ነበር።

የበጉ ነገር ግን ከሱዳን ገንዘብ ከጂኔ ጋር ተያያዘ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ የሱዳን ግሽበት በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ የዚያን ዓመት መዋጮ ያወጣ ያውቀዋል። ለሙሉ በግ የተዋጣው ገንዘብ ሦስት ስብሰባ ሳይቆይ ለግማሽ፣ ከሁለት ስብሰባ በኋላ ለእግር ብቻ የሚበቃ ሆነ። ገንዘብ ያዡ በታማኝነት ጠብቆታል፤ አንዲት ጂኔ አልጎደለችም፤ የጎደለው በጉ ነው። ቀጥሎ ጾሙ ገባ። እንዲህ አድርጎ በጉ በግሽበት እግር ሆነ፣ እግሩ በጾም ሽሮ ሆነ። እኔ ራሴ በዚያ ሁሉ መዘግየት ተናድጄ «አትቆርጡም እንዴ?» ብዬ እቆጣለሁ፤ እየተቆጣሁ ግን ሦስተኛውን ጀበና እጥዳለሁ። ስብሰባው በረዘመ ቁጥር ስኒው ይሸጣላ።

በመጨረሻ፣ መጋቢት ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ዓርብ ሄድን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል የተባለው ሂያስ የተነሳው በአራት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሲጠበቅ የመጣው ሰው ያልመጣውን ሊጠራ ይሄድ ነበር። ጠመንጃዋ አልመጣችም። ሐጅ ግን መጡ፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚያበራ፤ ለአደን የሚሸሸግ ሰው አለባበስ ይህ ነው። ጀበል አውሊያ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሙቀቱ የሱዳን መጋቢት ነው። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ወጥቷል። ወፍ አለ፤ ሳቢሳ አለ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው አሉ። ዳክዬዎቹ ሄደዋል። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ነገር ውኃው መሐል ይታያል፤ የጎጃሙ ልጅ በጣቱ አነጣጥሮ «ይቺን ነበር» አለ። ቀጥሎ ነጥቦቹ ተንቀሳቀሱና የአሣ አጥማጅ መረብ ተንሳፋፊ መሆናቸው ታወቀ።

ዓሣ ተገዛ፤ ተጠበሰ። አሁን ደግሞ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። ይበላል ያለው ቀኖና ጠቀሰ፣ አይበላም ያለው አያቱን ጠቀሰ፤ ሊቀመንበሩ ሁለቱንም አመስግነው አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ፣ በሐሳቡ ላይ ማሻሻያ ቀረበ። ክርክሩ ሲያልቅ ዓሣውም አልቋል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ምንም አስተያየት ሳይሰጡ በልተውታል። እኛ ሽሯችንን በላን፤ ቡናዬ ግን፣ ልናገር፣ ጥሩ ወጥቶ ነበር።

ማታ ሲመለሱ ወንዶቹ ባዶ እጅ መግባት ከበዳቸው። ሂያሱ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመና ገንዘብ ያዡ በቀረችው መዋጮ አራት የበረዶ ዶሮ ገዛ፤ ጾሙን ለማይጾሙት። ሰፈር ሲገቡ ከረጢቱ ከፍ ብሎ ተይዟል፣ የጎጃሙ ልጅ ድምፁን ያሞቃል። ከቪላዎቹ አንዱ በር ላይ የቆሙ አሮጊት ሱዳናዊት ከረጢቱን ገልጠው አዩና «ላባው የት ሄደ?» አሉ።

«በጥይቱ ረገፈ፣ ያ ሐጃ!»

ሴትዮዋ አመኑም አላመኑም አልተናገሩም። ዶሮዎቹ ላይ የተጻፈውን የፖርቱጋል ቋንቋ ግን ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

በዓመቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳም ሹር፣ ጦርነቱ መጣና ሪያድን ባዶ አደረጋት። ዘበኛውም አብሳዩም ሐጅም በየመንገዱ ተበተንን፤ ግማሾቻችን በመተማ ገባን፣ ሌሎቹ ካይሮ፣ ካምፓላ፣ ጁባ። ሱኑት ጫካም በጦርነቱ ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ ተብሎ ተዘግቧል። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም። ሊፈርስ አይችልም፤ ለመፍረስ ስብሰባ መጥራት አለበት። ዋትስአፕ ላይ «የዳክዬ ጉዞ» በሚል ስም አለን፤ አሁንም ሊቀመንበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ አሁን ባህር ዳር ሆነው።

ባለፈው ጥቅምት ጻፉ። ጣና ላይ ወፍ ሞልቷል፣ ሁላችሁም ወደዚህ ኑ፣ በዚህ ዓመት ግን በጊዜ እንጀምር አሉ። ካምፓላ ያለው ሰነድ ወዳዱ ልጅ ወዲያው መለሰ፦ በኢትዮጵያም አደን በፈቃድ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ይመልከቱ፣ ጣናም ዩኔስኮ የመዘገበው የባዮስፌር ክልል ነው። የጎጃሙ ልጅ ከጁባ የሽለላ ድምፅ ላከ፤ አንበሳው አሁን ዝሆንም ጨምሯል። ልጅ ያዧ «ይብራ አይበላም ብያችሁ አልነበረም?» አለች። ሐጅ ከካይሮ በሰው እጅ አስጽፈው ጠመንጃዋ የት እንዳለች እንደሚያውቁ፣ ቡክራ እንደምትመጣ አስታወቁ። እኔ ጀበናውን ማን ይይዛል ብዬ ጠየቅሁ። ቀጥሎ አንዱ፣ ከ2014 የቀረችው መዋጮ ስንት ናት፣ በጉን ማን ይገዛል የሚል መልእክት አስገባ።

ገንዘብ ያዡ መልእክቱን አንብቦታል። እስካሁን እየጻፈ ነው።